በሦስት በሦስት የሚመጣ ሌባ

ሰው ዘበኛ የሚቀጥረው ሌባ ሲመጣበት ይመስላችኋል? አይደለም። ጎረቤቱ ሲቀጥር ነው። የብረት በርም እንዲሁ ነው፤ የግንብ አጥርም እንዲሁ። ወረታ፣ እኔ ባለሁበት ሰፈር፣ አንዱ ባለጸጋ በአጥሩ ጫፍ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ሰካ። ዓመት ሳይሞላ የመንገዱ አጥር በሙሉ በፀሐይ ይብለጨለጭ ጀመር። እኔ ሳልሰካ የቀረሁት ደፋር ስለሆንሁ አይደለም፤ ቆጥሬ ነው። በሰፈራችን ተሰረቀ የተባለውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሼ ብቆጥረው፣ በአጥር ዘሎ የወጣ አንድም የለም። ሁሉም የወጣው በበር ነው፣ በሚታወቅ ሰው እጅ፣ ደህና ዋሉ ተባብሎ። ጠርሙሱ እስከ ዛሬ የቆረጠው የጎረቤቴን ድመት ብቻ ነው።

መቁጠር አመሌ መሆኑን ካሁኑ ብታውቁልኝ ይሻላል። ወረታ የገባሁት የሰው ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ነው፤ ዛሬ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አለኝ። ከዚያ ወደዚህ ያሻገረኝ ትምህርት አይደለም፣ ዘመድም አይደለም፤ መቁጠር ነው። የገባውን ጆንያ እቆጥራለሁ፣ የወጣውን እቆጥራለሁ፣ ደጄ ላይ የቆሙትን አህዮች እቆጥራለሁ። ከቀብር ስመለስ ስንት ሰው እንደነበረ ስናገር፣ ባለቤቴ «ሟቹን ጨምረኸዋል ወይስ ሳትጨምር?» ትለኛለች።

የስልክ ቁጥርም እንዲሁ በጭንቅላቴ ነው የማኖረው። ልጄ ይህን የሚዳሰስ ስልክ ገዝታ ያመጣችልኝ ጊዜ፣ የዘመዶቼን ስም ከነቁጥራቸው ልትመዘግብልኝ ተነሣች። «ተይው፣» አልኋት፤ «የገዛ እኅቴን ለመጥራት ዕቃ የሚያስታውሰኝ ከሆነማ ከዚህ ወዲያ ማርጀት የለም።» ይህችን ኩራቴን ያዙልኝ። ኋላ ትፈለጋለች።

አሁን ስለ ሜዳው። የፎገራን ሜዳ በበጋ ብቻ ያየ ሰው አላየውም። ክረምት ሲገባ ሜዳውና ውሃው ድንበራቸውን ይረሳሉ። ክፉው ጎርፍ ደግሞ በዝናብ ቀን የሚመጣው አይደለም፤ በዝናብማ ሁሉም ይጠነቀቃል። ክፉው በፀሐይ የሚመጣው ነው። ሌሊቱን ዝናቡ ደጋው ላይ ይወርድና፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ተወልውሎ፣ ልብስ ተሰጥቶ፣ ከብቱ ረግረጉ ዳር ተሰማርቶ ሳለ፣ ጉማራ ወንዝ ድምፁን አጥፍቶ ሜዳው ላይ ይተኛል።

ለዚህ እኛ አንድ ብልሃት አለን። ወንዙ ከኮረብታው ወጥቶ ወደ ሜዳው ከሚገባበት በላይ፣ መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ ወዳጄ ይኖራሉ። የቆሎ ተማሪዎቻቸውን የሚያስተምሩበት ደጃፍ ቁልቁል ወንዙን ያያል። ውሃው መልኩ ሲለወጥ ለእኔ ይደውላሉ። ይደውላሉ ስል፣ ሚስኮል ያደርጋሉ ማለቴ ነው፤ የመሪጌታ ስልክ ሒሳብ ኖሮት አያውቅም። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተቆረጠ «እንደምን አደርህ» ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከተቆረጠ «ከብት ይውጣ» ነው። እኔ ያንኑ ሦስት ከታች ሜዳው ላይ፣ ቁሐር ሚካኤል ላለችው ታላቅ እኅቴ፣ ለእቴ ስመኝ፣ አስተላልፋለሁ፤ እሷ ደግሞ ደጇ ላይ ቆማ ትጮሃለች። ድምፅ ማጉያ ከማንም አትበደርም። ወሬው በአንድ አፍ ብቻ እንዲመጣ ያደረግነው ደግሞ ያለ ነገር አይደለም። አንድ ክረምት በየስልኩ በተናፈሰ የሐሰት ወሬ ሰፈሩ ሁሉ ከብቱን እያዋከበ ሲወጣ፣ የእቴ ስመኝ እርጉዝ ላም ጭቃ ላይ ወድቃ ጨነገፈች። ከዚያ ወዲህ እቴ ምላለች፦ «የወንድሜ ሦስት ካልመጣ፣ ውሃው ጉልበቴን ቢነካው አልነቃነቅም።»

ልብ በሉ። አልነቃነቅም ያለችው በእኔ ተማምና ነው።

እቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያላት ሰባት ከብት ነው፤ ቀለቧም፣ ክብሯም፣ ወሬዋም እነሱ ናቸው። እኔም በየማለዳው አንድ ሚስኮል አደርግላታለሁ፤ ከብቶቹ ሙሉ ከሆኑ አንድ ትመልስልኛለች። ሌላ ቃል የለም። እሷ በዚህ ስታሾፍብኝ ዕድሜዋን ፈጀች። «እግዜር እንኳ የሰጠኝን በየማለዳው አይቆጥርብኝ፤ አንተ ማን ነህ?» ትለኛለች። ግን ትመልሳለች።

እንግዲህ ወደ ስልኩ በሽታ ልምጣ። አንድ ቀን መዝሙር ልሰማ ብዬ ስከፍተው የስልኩ መስኮት ደም መሰለ። «ስልክዎ በአሥራ ሦስት ቫይረስ ተጠቅቷል፤ አሁኑኑ ጸረ ቫይረስ ይጫኑ» ይላል። ስልኩ በእጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። አማቼ ስንታየሁ አጠገቤ ነበር፤ የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ ጨዋ ልጅ፣ አንድ ነገር ከሰማ ለሰው ሁሉ ካላዳረሰ እንቅልፍ የማይወስደው።

«አሥራ ሦስቱ እነማን እነማን ናቸው?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ስም የላቸውም እኮ።»

«ስም የሌለውን እንዴት ቆጠሩት?»

ስንታየሁ ሳቀና ይህስ ተራ ማስታወቂያ ነው፣ አይንኩት አለኝ። ግን ማስታወቂያው ለእሱ ሐሳብ ሰጠው። በዚህ ዘመን ያለ ጸረ ቫይረስ ስልክ መያዝ በር ከፍቶ መተኛት ነው፤ እሱ የሚያውቀው ደህና ጠባቂ አለ፤ ሐሰተኛውን ደዋይ ሳይቀር ያግዳል። ቢሮው ሁሉ ጭኖታል። አያችሁ፣ የጠርሙስ ስባሪው መጣ።

በሐምሌ ሚካኤል እቴ ስመኝ ዝክር ነበራትና ሁላችንም ቁሐር ወረድን። ከጠላው መለስ ሲል ስንታየሁ የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ ሰብስቦ መደብ ላይ ደረደረው። የከብት ክትባት የመጣ ዕለት ከብቱ በሙሉ ይነዳል እንጂ አንዱ ቀርቶ አንዱ አይከተብም፤ እኛም ያደግንበት ልማድ ነውና ማንም ስልኩን አልደበቀም። እቴ ስልኳን ስትሰጠው፣ «ከተከተበ በኋላ ወተቱ ስንት ቀን ነው የማይጠጣው?» አለችው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ብቻ የጠላው ብዛት ደረቴን ያዘኝና ግድግዳ ተደግፌ ነበር።

የእኔ ተራ ሲደርስ ጠባቂው ይጠይቅ ጀመር። ወደ ጥሪዎ ልግባ? መልእክትዎን ልይ? የት የት እንደሚሄዱ ልወቅ? ካሜራዎን ልክፈት? ስንታየሁ ሁሉንም እሺ፣ እሺ ይለዋል። እንደ እውነቱ፣ ለግቢዬ የቀጠርሁት ዘበኛ በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ ቢጠይቀኝ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እኔ ነበርሁ እሱን የምጠብቀው። ግን በሰው ዝክር ላይ፣ በአማች ፊት፣ ጠብ አያምርም። መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ጋሻ ብቅ አለና «ስልክዎ ተጠብቋል» አለኝ። ማታውን ወረታ ተመልሰን ገባን።

በማግሥቱ ማለዳ እንደ ልማዴ ለእቴ አንድ አደረግሁላት። አልመለሰችም። ቁሐር መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ስልኳ ሞቶ ይሆናል ብዬ ወደ ወፍጮዬ ሄድሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ወፍጮው ጋ ቁጭ ብዬ ጋሻውን ከፈትሁት። ከሥሩ «ዛሬ የታገደ ስጋት፦ 1» ይላል። ደስ አለኝ። አትሳቁ፤ እናንተም ዘበኛችሁ ሌሊት አንድ ሌባ አባረርሁ ቢላችሁ ደስ ይላችኋል። ይህ ሰው ደሞዙን ሠርቶ በልቷል ትላላችሁ። ለሩዝ የመጡትን ሁለት ገበሬዎች አስተናግጄ ስመለስ አራት ሆኗል። ኸረ ይሄ ነገር፣ ይህን ያህል ጠላት አለኝ እንዴ አልሁ። ትንሽ ኮራሁ እንኳ፤ ያለው ሰው ነው የሚጠቃ። ጥቂት ቆይቶ ሰባት።

እዚህ ላይ ዓይኔን ከቁጥሩ መንቀል አቃተኝ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ወፍጮው ይጮሃል፣ ገለባው ይበናል፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ እግሬ ላይ ተቀምጣለች። ሰዎች ያናግሩኛል፤ እሺ እላለሁ፤ ምን እንዳሉኝ አልሰማም። ቁጥሩ አሥር ሆነ።

አንድ፣ አራት፣ ሰባት፣ አሥር።

ሌባ እንዳመቸው ነው የሚመጣ። አንድ ጊዜ አንዱ፣ አንድ ጊዜ አምስቱ። ደቦ ይመስል በሦስት በሦስት እየተደራጀ የሚመጣ ሌባ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አልገጠመኝም። በሦስት በሦስት የሚመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቅ።

«ወፍጮውን አጥፋው!» አልሁት ሠራተኛዬን። ጸጥ ሲል የመሪጌታን ቁጥር መታሁ።

ገና ሳይጠራ አነሡት። «አንተ ሰው፣ በሕይወት አለህ?» አሉኝ። «ጣቴ እስኪደነዝዝ ደወልሁልህ እኮ። አንዴ ሳይጠራ ይቆረጣል፣ አንዴ ሳይጠራ ይቆረጣል። ወንዙ ግንድ ይዞ ነው የሚወርደው። ማለዳ ነው ያለፈኝ።»

«መሪጌታ፣ ምን ያህል ነው?»

«ተማሪዎቹ የሚታጠቡበት ድንጋይ አይታይም። አሁን እኔን ምን ታናግረኛለህ፣ እኅትህን አናግር እንጂ።»

ያ ድንጋይ ጠፍቶ ሜዳው የተረፈበት ክረምት የለም።

ለእቴ ደወልሁ። አንድ ጊዜ ጢው ብሎ ተቆረጠ። ደገምሁ። ጢው፣ ቁርጥ። አሁን ነገሩ ሁሉ እንደ ቀን ታየኝ። የእኔ ዘበኛ መሪጌታን ሌባ ነህ ብሎ ከደጅ መልሷል፤ የእሷ ዘበኛ ደግሞ እኔን። የጠዋቷ አንዷ ሚስኮሌም እሷ ዘንድ አልደረሰችም ማለት ነው። ስንታየሁ ሁላችንንም በአንድ መደብ ላይ በአንድ መርፌ ነው የከተበን። እቴ ደግሞ የወንድሜ ሦስት ካልመጣ አልነቃነቅም ብላ የማለች ሴት ናት። አሁን ረግረጉ ዳር ከሰባት ከብቷ ጋር ቁጭ ብላ የእኔን ሦስት ትጠብቃለች።

ባጃጅ አስቁሜ ዘልዬ ገባሁ። «ቁሐር ሚካኤል፣ ቶሎ።»

«አያ መልኬ፣ ምን ተገኘ?» አለኝ ባለባጃጁ።

«ውሃ።»

ወጣ ብሎ ሰማዩን አየ። «በዚህ ፀሐይ?»

«ንዳ!»

በመንገድ የእሱን ስልክ ተቀበልሁና ደወልሁ፤ የእሱ አልተከተበም። ጠራ። ልቤ መለስ አለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ፤ የሚያነሣ የለም። አለመጥራቱ እንደሚሻል ያን ዕለት አወቅሁ። የማይጠራ ስልክ ጥፋቱ የስልኩ ነው ትላላችሁ፤ የሚጠራና የማይነሣ ስልክ ግን ባለቤቱን ነው የሚያሳስባችሁ።

ባለባጃጁ መጀመሪያ ላይ ያንጎራጉር ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ሆነን ሜዳውን ስናይ ግን ፍጥነት ጨመረ። ከሩዙ ማዶ፣ ሩቅ፣ ትናንት ያልነበረ ነጭ መስመር አለ። ጸጥ ያለ ነው። የሚሮጥ አይመስልም። ግን አንድ የዋርካ ዛፍ መርጣችሁ ብታዩ፣ መስመሩ ከዛፉ በስተኋላ ነበረ፤ ደግማችሁ ብታዩ ከዛፉ በፊት ነው።

ባጃጁ ጭቃው ላይ ሲቆም ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ገባሁ። የእቴ ከብቶች የሚሰማሩበት ረግረግ ከቤቷ በታች ነው። ደረስሁ፤ ረግረግ የለም። ውሃ ነው። የምቆጥረው ነገር ፈለግሁ። ቀንድ። ጀርባ። የሚንሳፈፍ ነጭ ነጠላ። ከዳር እስከ ዳር ቆጠርሁ።

ዜሮ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጥር ዜሮን ፈርቼው አላውቅም ነበር። ዜሮ የጠራ ቁጥር ነው፤ አይከራከርም። ያን ዕለት ግን ሁለት ፊት እንዳለው አየሁ። አንዱ «ሁሉም ወጥተዋል» ይላል። አንዱ «ሁሉም ሄደዋል» ይላል። መልኩ አንድ ነው።

ከቤቷ ደጅ ቆሜ ተጣራሁ። መልስ የለም። በሩ ክፍት ነው፤ ስልኳ ማገሩ ላይ ተሰቅሎ ይበራል። ይህኔ ነው ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ፣ የሴቶች ለቅሶ የሰማሁት። ማን ሞተ? ማን ቀረ ውሃው ውስጥ? ጉብታውን በእጄም በእግሬም ወጣሁ። ድምፁ እየቀረበኝ ሲመጣ አንዱን ለየሁት፤ የእቴ ስመኝ ነው። ደረት እየመታች፣ በዜማ፦

«ማለዳ ጠሪዬ፣ ከብት ቆጣሪዬ፣
ማን ልቁጠር ይበለኝ፣ መልኬ ወንድሜ...»

መልኬ እኔ ነኝ።

ቆምሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ምን እንደሚደረግ የሚናገር ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። በአጥሩ በኩል አንገቴን አስገባሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዙሪያውን በከብት ተሞልቷል። አስቀድሜ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ አልዋሽም፤ ቆጠርሁ። የእቴ ሰባቱም ጥላው ሥር ቆመው ያመሰኳሉ። ከዚያ በኋላ ነው እሷን ያየኋት፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ፣ ጎረቤት ሁሉ ከብቧት።

አየችኝ። ዜማው ተቋረጠ። ሰዉ ሁሉ ዘወር አለ። አንዲት ሴት አማተበች።

«አልሞትህም እንዴ?» አለች እቴ።

«አልሞትሁም እቴ።»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ወገቧን ያዘች። «ታዲያ ለምን አልቆጠርህም?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማለዳ የእኔን ጥሪ ጠበቀች፤ የለም። ስልክ ከያዝሁ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ይሁን ብላ አንድ እሷ አደረገችልኝ፤ ዝም። አንደኛዋ ስጋቴ፣ ጋሻው ሥር ብቻዋን የነበረችው፣ የእሷ ነበረች ማለት ነው። ትናንት ደግሞ ደረቴን ይዤ ግድግዳ ስደገፍ አይታኛለች። ደመረችው። እቴም የእኔ እኅት ናት፤ መደመር ታውቃለች። ወንድሜ ሌሊቱን አለፈ ብላ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፤ ስልኳንም እዚያው ተወችው፤ ለለቅሶ ስልክ ይዞ የሚሄድ ማን አለ።

በእኛ አገር ደግሞ ከቀዬ ርቆ ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ከብቱን ረግረግ ላይ ትቶ አይሄድም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ያወጣና ለሚቀሩት አደራ ይሰጣል። እቴ ወረታ ልትሄድልኝ ከብቷን ስትነዳ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ተነሣ። ባለወፍጮ ሲሞት ከቀብሩ መቅረት ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉም ከብቱን ነድቶ ወጣ፤ ጉብታው ላይ ተሰብስበው ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ ሲባባሉ፣ ቁልቁል ሲያዩ ውሃው ገብቷል። የእኔ ሦስት አላዳነቻቸውም። የእኔ ሞት አዳናቸው።

ለራሴ ለቅሶ የመጣውን ሰው ቆጠርሁ። ካሰብሁት ያንሳል። ለዚያውም ግማሾቹ ከብት ነጂ ናቸው።

ችግኙ ውሃ ውስጥ ቀርቷል፤ ሩዙ እንደገና ይተከላል። ውሃው ጋብ ሲል ስንታየሁ መጣ፤ ከዓይኔ ሲሸሽ ቆይቶ አስረዳኝ። ጠባቂው በሽታ አልነበረበትም፤ ሥራውን ነው የሠራ። ባሕር ማዶ ሆነው አንድ ጊዜ ጠርተው የሚዘጉ፣ መልሶ የደወለላቸውን ሒሳብ የሚግጡ አጭበርባሪዎች አሉ አሉ። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው አንድ ጊዜ ጠርቶ ከዘጋ፣ ለጠባቂው አጭበርባሪ ማለት ያ ነው። ስንታየሁ ደግሞ ጥበቃው ጠንከር እንዲል አድርጎታል። «ስማቸውን መዝግበው ቢሆን ኖሮ ያውቃቸው ነበር፣ ጋሼ፣» አለኝ፣ በትሕትና። ያዙልኝ ያልኋችሁን ኩራቴን አሁን መልሱልኝ። እቴም እንዲሁ ናት፤ የእኔን ቁጥር የምታውቀው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዜሮዎች ነው።

«ቫይረስስ?» አልሁት። «ስንት ያዘ?»

ከፍቶ አየ። «ዜሮ።»

«አሥራ ሦስቱ የት ሄዱ?»

«መጀመሪያም አልነበሩም። ከማይታወቅ ቦታ ነገር ካላወረዱ፣ የተላከልዎትን ማስፈንጠሪያ ሁሉ ካልነኩ፣ ስልኩ ራሱ ከተሠራ ጀምሮ ጠባቂ አለው።»

«ታዲያ ለምን ሌላ ጨመርህበት?»

«ሁሉም ሲጭን አይቼ።»

ይህን በመናገሩ ወደድሁት። ጠርሙስ ሰኪ ሁሉ እንዲህ ቢናዘዝ ስንት ድመት በተረፈ።

እንግዲህ ስልክ ጸረ ቫይረስ ያስፈልገዋል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ ጆንያ ቆጣሪ ነኝ፣ ለሁሉም አልፈርድም። ያገኙትን ሁሉ የሚጭን፣ የተላከለትን ሁሉ የሚነካ ጣት ያለው ሰው ዘበኛ ቢቀጥር አይከፋም። ግን የቀጠራችሁት ዘበኛ ዘመዶቻችሁን ያውቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት። የእኔን አሰናብቼዋለሁ፤ የእቴንም። መሪጌታና እቴ ግን ከነስማቸው ተመዝግበዋል፤ ልጄ ስትመዘግብ አፏን ይዛ ነበር የምትስቅ።

ስማቸው በተመዘገበ ማግሥት ማለዳ ለእቴ አንድ አደረግሁላት። ሚስኮል አልመለሰችም። ጫማዬን ሳጠልቅ ስልኬ ጠራ፤ አላቋረጠም። እቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ሒሳቧን አውጥታ ደወለችልኝ።

«ሰባቱም አሉ፣» አለች። ቀጥላም፣ «አንተስ፣ ሙሉ ነህ?»

«ሙሉ ነኝ እቴ።»

«በል ዝጋ፤ ሒሳቤን ጨረስኸው፣» ብላ እሷው ዘጋችው።